ማረሻ የሚዞረው ክብ

በአየርላንድ ገጠር ያለፈ መንገደኛ ይህን ሳያይ አይመለስም። አረንጓዴው መስክ ተንጣሎ፣ ላሞች ተሰማርተውበት፣ ከመስኩ መካከል አንድ ክብ የእሾህና የዛፍ ቁጥቋጦ ብቻውን ቆሞ ይታያል። ቀረብ ብሎ ላየው ቁጥቋጦው የበቀለው ዙሪያውን በተከመረ የአፈር ቅጥር ላይ ነው። ከቅጥሩ ውጪ ግማሹ የተደፈነ ጉድባ ይዞረዋል። ውስጡ ግን ባዶ ነው፤ ከሣር በቀር አንዳች ነገር የለበትም። መሬቱ ለም ነው። ባለቤቱም በእርሻ የሚተዳደር ገበሬ ነው። ይሁንና ትራክተሩ ከክቡ አፋፍ ሲደርስ ይታጠፋል። አባቱ በፈረስ ሲያርስ እዚያው ላይ ይታጠፍ ነበር፤ አያቱም እንደዚሁ።

ለምን ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ እንደ ሰውየው ዕድሜና ጠባይ ይለያያል። አንዱ ሕግ ይከለክላል ይላል። ሌላው አባቴ ያልነካውን እኔ ምን ቆርጦኝ ነው የምነካው ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ፈገግ ብሎ፣ ብቻ መንካቱ ደግ አይደለም ይልና ወሬውን ወደ ዝናቡ ይመልሳል። ሦስቱም መልሶች የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የሚያወሳው የክቡን ታሪክ ብቻ ሳይሆን የጠባቂዎቹንም ታሪክ ነው። ይህን ቅርስ ከሺህ ዓመት በላይ ያቆየው ንጉሥም፣ ጦር ሠራዊትም፣ ሙዚየምም አልነበረምና። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ምሽግ ያልሆነው ምሽግ

እንግሊዝኛ ተናጋሪው ይህን ክብ "የቀለበት ምሽግ" ይለዋል። በአየርላንድኛ ግን ስሙ ብዙ ነው። ከአፈር የተሠራው ራዝ ወይም ሊስ ይባላል። ድንጋይ በሚበዛበት በምዕራቡ አገር ደግሞ ያለ ጭቃ በተካበ ድንጋይ የታጠረው ካሸል ወይም ካሄር ይባላል። እነዚህ ቃላት በአገሪቱ ካርታ ላይ እንደ ዘር ተበትነው ይገኛሉ። ራዝማይንስና ራዝፋርናም የተባሉት የደብሊን ሰፈሮች፣ ሊስሞርና ሊስቶል፣ ካሸልና ካሄር የተባሉት ከተሞች ሁሉ ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ነው። በራዝማይንስ አውቶቡስ የሚጠብቅ ወጣት ልብ አይበለው እንጂ የአንድ ጥንታዊ ግቢ ስም በየቀኑ ይጠራል።

ቁጥራቸው የሚያስገርም ነው። በደሴቲቱ ላይ ወደ 45,000 የሚጠጉ ክብ ቅጥሮች እንደ ነበሩ ይገመታል። አብዛኞቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢለኩ ከ20 እስከ 44 ሜትር ስፋት አላቸው። ብዙዎቹ አንድ ቅጥርና አንድ ጉድባ ብቻ ሲኖራቸው፣ ጥቂቶቹ ሁለት፣ አልፎ አልፎም ሦስት ይደራረብባቸዋል። በቁፋሮ የተገኘ እንጨትና ከሰል እየተመረመረ እንደ ተረጋገጠውም አብዛኞቹ የተሠሩትና ሰው የኖረባቸው ከ600 እስከ 900 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ይኸውም ክርስትና በአገሩ ከተተከለ በኋላ፣ ገዳማቱ መጻሕፍት እየጻፉ ባሉበት፣ ቫይኪንጎችም በመርከብ መጥተው መዝረፍ በጀመሩበት ዘመን መሆኑ ነው።

ምሽግ የሚለው ስም ግን ብዙ ሰው አሳስቷል። ምሽግ ሲባል ወታደርና ከበባ፣ ቀስትና የፈላ ውሃ ይታሰባል። እነዚህ ቅጥሮች ግን አብዛኞቹ የተሠሩት በገደል አናት ሳይሆን ለእርሻና ለግጦሽ በሚመች ተዳፋት ላይ ነው። የአብዛኛው ቅጥር ቁመትም ቆርጦ የመጣን ሠራዊት የሚመልስ አይደለም። ሌሊት የሚመጣን የከብት ሌባ ወይም ተኩላ ግን ያዘገያል። እንግዲህ ክቡ የጦር ምሽግ ሳይሆን የገበሬ ግቢ ነበር። በውስጡ አንድ ቤተሰብ ከነአገልጋዩ፣ ከነጥጃውና ከነአሳማው ይኖርበት ነበር። 45,000 ምሽግ ቢባል አገሩ ሁሉ ጦረኛ ነበር ያሰኛል፤ 45,000 ግቢ ሲባል ግን ነገሩ የብዙሃኑ ኑሮ ይሆናል።

ላም እንደ ገንዘብ

የዚያ ዘመን አየርላንድ ከተማም ሆነ ሳንቲም አልነበረውም። በደሴቲቱ የመጀመሪያው ሳንቲም የተመታው በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በደብሊን ሲሆን፣ ያስመታውም የቫይኪንጎቹ ንጉሥ ነበር። ከዚያ በፊት ዋጋ ይቆጠር የነበረው በላም ነው። ከላምም ከፍ ያለ መለኪያ ነበር፤ እሱም ኩማል ይባላል። ትርጉሙ ሴት ባሪያ ማለት ነው። ስለ አረንጓዴው ክብ ሲወራ ይህም መረሳት የለበትም። በቅጥሩ ውስጥ ወተት የምትንጠው ሴት ሁሉ የቤቱ እመቤት አልነበረችም።

ስለዚያ ኑሮ ብዙ የሚነግረን በ700 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈ ክሪዝ ጋብላኽ የሚባል የሕግ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ሰውን በማዕረግ ከፋፍሎ የእያንዳንዱን ንብረት ይዘረዝራል። ገና ጎጆ የወጣው ወጣት ገበሬ ሰባት ላም፣ ሰባት አሳማ፣ ሰባት በግና አንድ ፈረስ ይኖረዋል። ከሱ በላይ ቦአሬ የሚባለው አለ፤ ቃሉ "የላም ጌታ" እንደ ማለት ነው። የቦአሬ ላሞች 12 ናቸው፤ ቤቱ 27 ጫማ ስፋት አለው፤ ከጎረቤቶቹ ጋር በሚጋሩት የውሃ ወፍጮም ላይ ድርሻ አለው። ንጉሡ ደግሞ በ140 ጫማ ቅጥር ውስጥ ይኖራል። ንጉሥነቱ የሚታወቀውም ገባሮቹ መጥተው ጉድባውን ሲቆፍሩለትና ቅጥሩን ሲያቆሙለት ነው። ድርብ ወይም ሦስት ቅጥር ያለው ግቢ ዛሬ ሲታይ ስለ ጦርነት ብቻ ሳይሆን ስለ ማዕረግ እንደሚናገር የምናውቀው ከዚህ ነው። ብዙ ጉድባ ማለት ብዙ ገባር ማለት ነበር።

በከብት ላይ የቆመ ኑሮ ሌባም አያጣም። ከአየርላንድ የጥንት ተረቶች ሁሉ ታላቁ፣ የኩሊ ከብት ዘረፋ የሚባለው፣ የሚተርከው ስለ አንድ ኮርማ ተብሎ ስለ ተደረገ ጦርነት መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። በክሌር አውራጃ ከገደል አፋፍ ላይ በሦስት የድንጋይ ቅጥር የታጠረው ካሄርኮማን በ1934 ከአሜሪካ በመጣ የሃርቫርድ ቡድን ሲቆፈር፣ ከወጣው የእንስሳት አጥንት እጅግ የሚበዛው የከብት ነበር።

ከዚህ ሕግ ውስጥ አንዱን ነገር አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። የነጻ ሰው ግቢ በሕግ የተከበረ ነበር። ክብሩም በቅጥሩ አያበቃም፤ ቦአሬ ከደጁ ሆኖ የወረወረው ጦር እስኪያርፍበት ድረስ ያለው መሬት ሁሉ የግቢው ክብር ክልል ነው። በዚያ ክልል ውስጥ ሰው የደበደበ ወይም የዘረፈ ለባለቤቱ የክብር ካሣ ይከፍላል። ስለዚህ እነዚህን ክቦች በሕግ መጠበቅ የዘመናችን ፈጠራ ነው የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። የመጀመሪያው ሕግ 1,300 ዓመት ሆኖታል።

በ648 የተቆረጠው ዛፍ

ሕጉ የሚነግረን መሆን ያለበትን ነው። የሆነውን የሚነግረን መሬቱ ነው። መሬቱ ደግሞ ከሁሉ አብልጦ የተናገረው በአንትሪም አውራጃ ግሌናርም አጠገብ በምትገኝ ዲር ፓርክ ፋርምስ በምትባል ስፍራ ነው። አርኪዮሎጂስቱ ክሪስ ሊንና ባልደረቦቹ ከ1984 እስከ 1987 የቆፈሩት ይህ ራዝ፣ ሰዎቹ ትውልድ በትውልድ ላይ በአሮጌው ቤት ፍራሽ ላይ አዲስ እየሠሩ ስለ ኖሩበት እያደር ከፍ ብሎ ጉብታ ሆኖ ነበር። የታችኛው ክፍሉ ውሃ ያዘለ ነው። አየር የማይደርስበት እርጥብ አፈር ደግሞ እንጨት አያበሰብስም።

በዚህ ምክንያት ቆፋሪዎቹ ያገኙት እንደ ወትሮው የምሰሶ ጉድጓድ ብቻ ሳይሆን ራሱን ግድግዳውን ነበር። ቤቶቹ ክብ ናቸው። ግድግዳቸው እንደ ቅርጫት ከሄዘል ዛፍ ልምጭ ተጎንጉኖ በድርብ የተሠራ ሲሆን፣ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ብርድ እንዳይገባ ሣርና ቅጠላ ቅጠል ተጠቅጥቆበታል። ዋናው ቤት ከበስተኋላው ትንሽ ቤት ተለጥፎበት ሁለቱ አንድ ላይ የ8 ቁጥርን ቅርጽ ይይዛሉ። የሕጉ ጽሑፍ የቦአሬን ቤት ሲገልጽ ስለ ዋና ቤትና ስለ ጓዳ ቤት ለየብቻ መናገሩ ለብዙ ጊዜ ግልጽ አልነበረም፤ እዚህ ግን በዓይን ታየ። በግድግዳው ሥር መኝታው ከነጭራሮ ምንጣፉ ተገኘ። ጫማ የሚሰፋበት የእንጨት ፎርማ ተገኘ። ሰዎቹን ሲበሏቸው የነበሩት ቁንጫና ቅማል ሳይቀሩ በአጉሊ መነጽር ተለይተው ታወቁ። የአንዱ ቤት የበር መቃን የወጣበት የኦክ ዛፍም ቀለበቱ ተቆጥሮ በ648 ዓ.ም. የተቆረጠ ሆኖ ተገኘ።

በ648 የዚያን ቤት በር ያቆመው ሰው ስሙ በየትኛውም መጽሐፍ የለም። የገዳማቱ ዜና መዋዕል የነገሥታትን ሞት፣ የአበምኔትን ሹመትና የከብት ቸነፈርን ይጽፋል እንጂ ልምጭ የጎነጎነ ገበሬን አይጽፍም። የእሱ መጽሐፍ መሬቱ ነው። መጽሐፉም አንድ ቅጂ ብቻ ነው ያለው።

ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ዲር ፓርክ ፋርምስ የተቆፈረው መሬቱ ለእርሻ ሊስተካከል፣ ጉብታውም ሊነሣ ስለ ነበር ነው። ይህን ሁሉ ልናውቅ የቻልነው ሊጠፋ ከተቃረበ ስፍራ ቀድሞ የደረሰ ሰው ስለ ተገኘ ነው። ሳይደረስበት የጠፋው ስንት እንደሆነ ማን ይቆጥረዋል?

ደጋጎቹ ሰዎች

ከ1000 ዓ.ም. ወዲህ ክቦቹ አንድ በአንድ እየተተዉ ሄዱ። እንደ ካሄርኮኔል ያሉ በክሌር አውራጃ የሚገኙ የድንጋይ ቅጥሮች ለብዙ መቶ ዓመታት ሰው ኖሮባቸዋል፤ የሚበዙት ግን ሣር በቀለባቸው። ትውልድ ሲያልፍ ማን እንደ ሠራቸው ተረሳ። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አየርላንድን የጎበኘው የዌልሱ ካህን ጄራልድ ቅጥሮቹን ኖርዌጂያኖች ናቸው የሠሯቸው ብሎ ጻፈ። ሕዝቡም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ "የዴኖች ምሽግ" ይላቸው ነበር። የገዛ አያቶቹን ግቢ ለባዕድ ሰጠው ማለት ነው።

ባዶ ቤት ደግሞ ባዶ ሆኖ አይቀርም። የአየርላንድ ገጠር ሕዝብ በክቦቹ ውስጥ ሌላ ነዋሪ አስገባ። እነዚህ ነዋሪዎች በዓይን የማይታዩ፣ የራሳቸው ከብት፣ ሙዚቃና ጦርነት ያላቸው ረቂቅ ፍጡራን ናቸው። በስማቸው መጥራት ስለሚያስፈራ "ደጋጎቹ ሰዎች" ይባላሉ። ደግ የተባሉት ደግ ስለ ሆኑ ሳይሆን እንዳይቀየሙ ነው። ከቅጥሩ ላይ ነጭ እሾህ የቆረጠ ሰው እጁ ይሰላል፤ ቅጥሩን የናደ ከብቱ ያልቃል፤ ድንጋዩን ወስዶ ቤት የሠራበት ልጁ ይታመማል ይባል ነበር። ከ1937 እስከ 1939 የአየርላንድ የፎክሎር ኮሚሽን ወደ 5,000 በሚጠጉ ትምህርት ቤቶች ያሉ ከ50,000 የሚበልጡ ተማሪዎች የሽማግሌዎቻቸውን ወግ በደብተር እንዲጽፉ ባደረገ ጊዜ ከተሰጧቸው ርእሶች አንዱ ይኸው የክቦቹ ነገር ነበር። ከየአውራጃው የመጣው ታሪክ ስሙና ቦታው ይለያይ እንጂ ፍሬው አንድ ነው፤ ያልነካ ተረፈ፣ የነካ ተጎዳ።

ይህ ብቻ አይደለም። ከእነዚህ ክቦች በአንዳንዶቹ ውስጥ ምንም ያልተጻፈባቸው ትናንሽ ድንጋዮች ተተክለው ይታያሉ። እነዚህ የሕፃናት መቃብር ናቸው፤ ኪሊን ይባላሉ። ክርስትና ሳይነሣ የሞተ ሕፃን በተባረከ መሬት እንዲቀበር ቤተ ክርስቲያን አትፈቅድም ነበር። አባት ሬሳውን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ብዙ ጊዜ በሌሊት፣ ማንም ወደማያርሰው ወደ አሮጌው ቅጥር ይወስደው ነበር። ይህ ልማድ እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ቆይቷል። ስለዚህ ደግ አይደለም ብሎ ዝም የሚለው ሽማግሌ የሚፈራው ተረት ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ምናልባት የአባቱ ወንድም ወይም እኅት እዚያ ተኝተው ይሆናል።

ታቦት ፍለጋ በታራ

ፍርሃት ጥሩ ዘበኛ ነው፤ ጉድለቱ ግን የማይፈራ ሰው ሲመጣ ነው። ለዚህ ከሁሉ የሚደንቀው ምሳሌ የጥንት ነገሥታት መናገሻ በነበረው በታራ ኮረብታ የተደረገው ነው።

በታራ ላይ የሲኖዶሶች ራዝ የሚባል ብዙ ቅጥር ያለው ክብ አለ። ዕድሜው ከተራዎቹ የገበሬ ግቢዎች ይበልጣል። ከ1899 እስከ 1902 ድረስ የእንግሊዝ ሕዝብ ከጠፉት የእስራኤል ነገዶች የተወለደ ነው ብለው የሚያምኑ ሰዎች መጥተው ይህን ራዝ ይቆፍሩት ጀመር። የሚፈልጉት ሌላ ሳይሆን ታቦተ ጽዮንን ነበር። ጽዮን አክሱም ናት ሲባል ያደገ አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ቆፋሪዎቹ ግን አልቀለዱም፤ ጉድጓድ በጉድጓድ ላይ እየቆፈሩ የራዙን ሆድ አተራመሱት። ታቦቱ በእርግጥ አልተገኘም።

በወቅቱ ሕግ አልነበረም እንዳይባል በ1882 የወጣው የጥንት ሐውልቶች ጥበቃ አዋጅ ነበረ። አዋጁ በአየርላንድ 18 ስፍራዎችን በስም የጠቀሰ ሲሆን የታራ ቅጥሮችም ከነሱ ውስጥ ነበሩ። ዳሩ ግን ባለመሬቱ ወድዶ ስፍራውን ለመንግሥት ጥበቃ ካላስረከበ በቀር ሕጉ ባለቤቱን አይነካም ነበር። የታራው ባለርስት ደግሞ ለቆፋሪዎቹ ፈቀደላቸው። ያን ጊዜ ገጣሚው ዊልያም በትለር ዬትስ፣ ደራሲው ጆርጅ ሙርና በኋላ የአየርላንድ የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት የሆነው ዳግላስ ሃይድ በ1902 ለለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ። ጩኸቱ በረታ፤ ቁፋሮውም ቆመ። ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ1952 እና በ1953፣ ፕሮፌሰር ሾን ኦሪርዳን ያንኑ ራዝ በሥርዓት ሲቆፍሩ የታቦት ፈላጊዎቹን ቁፋሮ ከጥንቱ አፈር መለየት ነበረባቸው።

ሕግ መጣ፣ ቡልዶዘርም መጣ

ነጻ የወጣው አየርላንድ በ1930 የብሔራዊ ሐውልቶች አዋጅን አወጣ። በ1987 የተሻሻለው ሕግ የሐውልቶች መዝገብ እንዲቋቋም አደረገ፤ ያለ ፈቃድ በብረት መፈለጊያ መሣሪያ ቅርስ ማሰስንም ከለከለ። በ1994 ደግሞ የአገሩ ቅርስ ሁሉ በካርታ ላይ ተመልክቶ የሚመዘገብበት ሥርዓት ተደነገገ። በመዝገቡ ከ120,000 የሚበልጡ ስፍራዎች ሰፍረዋል፤ ከሁሉ የሚበዙትም ክብ ቅጥሮች ናቸው። በተመዘገበ ስፍራ ላይ ሥራ የሚሠራ ሰው ከሁለት ወር በፊት ለሚኒስትሩ በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት። በ2004 ቅጣቱ ከፍ ብሎ እስከ 10 ሚሊዮን ዩሮና እስከ 5 ዓመት እስራት ደረሰ። በ2023 ደግሞ የቀድሞዎቹን አዋጆች ሁሉ በደረጃ የሚተካ አዲስ ሕግ ጸደቀ። በሰሜን አየርላንድም ከ1995 ጀምሮ የራሱ የሆነ ሕግ አለ።

በወረቀት ላይ ሲታይ ነገሩ ሁሉ የተሟላ ይመስላል። በመስኩ ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው። በ1949 መንግሥት እርጥብና ድንጋያማ መሬትን አልምቶ ለእርሻ ለማዋል ትልቅ ፕሮግራም ጀመረ፤ ለገበሬው ድጎማ ሰጠ፤ ቡልዶዘርም በየመንደሩ ገባ። በ1973 አገሪቱ የአውሮፓ ማኅበርን ስትቀላቀል የወተትና የሥጋ ዋጋ ወጣ፤ እያንዳንዱ ጋሻ መሬት ገንዘብ ሆነ። አያቱ በማረሻ ሲዞረው የኖረውን ክብ የልጅ ልጁ በአንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድምጥማጡን ማጥፋት ቻለ። የእንግሊዝ መንግሥት ካርታ አንሺዎች ከ1824 ጀምሮ አገሩን ጋት በጋት ለክተው እያንዳንዱን ራዝ በካርታ አስፍረው ስለ ነበር ኪሳራውን ማስላት ተችሏል። በ2001 ይፋ የሆነ ጥናት እንዳሳየው በተመረመሩት አካባቢዎች ከ1840ዎቹ ወዲህ ከሚታወቁት ቅርሶች ከሦስት አንድ ያህሉ ጠፍቷል። ጥፋቱም እየቀነሰ ሳይሆን እየፈጠነ የመጣ ነበር። ፍርሃቱ ሲለቅ ሕጉ ገና አልደረሰም ነበር ማለት ነው።

ሕጉ ሲደርስም ቀስ ብሎ ነው። በ2012 በኬሪ አውራጃ አንድ ገበሬ በመሬቱ ላይ የነበረውን ክብ ቅጥር በማፍረሱ ፍርድ ቤት ቀርቦ 25,000 ዩሮ ተቀጣ። ነገሩ በአገሩ ጋዜጦች ብዙ የተወራለት እንዲህ ያለ ፍርድ እንግዳ ስለ ነበር ነው። በዚያው በኬሪ ደግሞ በ2017 የምክር ቤት አባሉ ዳኒ ሂሊሬይ ከኪላርኒ ወደ ኮርክ የሚወስደው መንገድ እየተጠገነ እንደገና የሚሰምጠው በአካባቢው በሚገኙት የደጋጎቹ ሰዎች ቅጥሮች ምክንያት እንደሆነ ተናገሩ፤ ራሳቸውም ቅጥር ከሚያፈርሱ መራብ እንደሚመርጡ ገለጹ። ብዙ ሰው ሳቀባቸው። ነገር ግን እነዚህን ሁለት የኬሪ ሰዎች ጎን ለጎን አቁሞ ማየት ጥሩ ነው። አንደኛው ሕጉ እያለ አፈረሰ፤ ሁለተኛው ሕግ ሳያስፈልገው አይነካም።

የማን ነው?

እዚህ ላይ ገበሬውን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይሆንም። መሬቱ የሱ ነው። ግብር የሚከፍለው፣ ዕዳ ያለበትም እሱ ነው። ግማሽ ጋሻ የማይሞላ ክብ በመስኩ መካከል ሲቀመጥ ትራክተር ያጉላላል፤ እሾህ ያበቅላል። አገር ሁሉ የሚኮራበትን ቅርስ አንድ ሰው ብቻውን ያለ ደመወዝ እንዲጠብቅ መጠየቅ ከባድ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። በደብሊን አውራጃ ሎክሺኒ አጠገብ ድሩማናህ በምትባል ወደ ባሕር በገባች አፋፍ ላይ ከክብ ቅጥሮቹ የተለየ ጥንታዊ ምሽግ አለ። መሬቱን የገዛው ሰው ሊያርሰው ሲነሣ መንግሥት በጥበቃ ትእዛዝ አስቆመው። ሰውየው ሕገ መንግሥቱ የንብረት መብቴን ያከብርልኛል፤ ካሣም አልተሰጠኝም ብሎ ተሟገተ። በ1980ዎቹ ፍርድ ቤቱ የሰጠው ውሳኔ፣ ብሔራዊ ቅርስን መጠበቅ ለሕዝብ የጋራ ጥቅም ስለሆነ በባለንብረቱ ላይ ይህን ገደብ ማድረግ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም የሚል ነው። መሬቱ የሱ ነው፤ በመሬቱ ላይ የተጻፈው ታሪክ ግን የሱ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ይህ ፍርድ ትክክል ይመስለኛል። ግን ብቻውን አይበቃም። ሕግ የሚቀጣው ከፈረሰ በኋላ ነው፤ የፈረሰ ራዝ ደግሞ በ10 ሚሊዮን ዩሮም ተመልሶ አይቆምም። ለዚህ ነው ከ1994 ጀምሮ በእርሻ ድጎማው ውስጥ በመሬቱ ያለውን ቅርስ ለጠበቀ ገበሬ ክፍያ የታሰበው፤ ከ2020 ጀምሮም በየአካባቢው ያሉ ቅርሶችን ለመጠገን የሚውል የገንዘብ ድጋፍ የተቋቋመው። ገበሬው እንደ ተጠርጣሪ ሳይሆን እንደ ባለአደራ ሲታይ ነገሩ ይለወጣል። ደጋጎቹን ሰዎች ይፈራ የነበረው አያቱም ባለአደራ ነበር፤ አደራውን የሰጠው መንግሥት አልነበረም እንጂ።

በ2018 በጋ አየርላንድን ያልተለመደ ድርቅ መታት። መስኩ ሁሉ ቢጫ ሆነ። ያን ጊዜ በቦይን ወንዝ ሸለቆ ከአየር የተነሡ ፎቶግራፎች ለብዙ ዘመን ተስተካክሎ በታረሰ መሬት ላይ አረንጓዴ ክቦችን አሳዩ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጉድባ ከተደፈነም በኋላ አፈሩ ከዙሪያው ይልቅ ጠልቆ እርጥበት ይይዛል፤ በላዩ የበቀለው ሰብልም ሌላው ሲጠወልግ እሱ ለምልሞ ይቆያል። ይህ በየደረቁ በጋ የሚታይ ነገር ነው። ከመቶ ዓመት በፊት የፈረሰ ቅጥር፣ ባለቤቱም ጎረቤቱም የረሱት ክብ፣ ዝናብ በጠፋ ወቅት ተመልሶ ይጻፋል።

ይህን ፎቶግራፍ ያየ ሰው፣ እንግዲያው የጠፋ ነገር የለም ብሎ ሊጽናና ይችላል። አይጽናና። ድርቁ የሚመልሰው የጉድባውን መሥመር ብቻ ነው። የሄዘሉን ግድግዳ፣ የጫማውን ፎርማ፣ በ648 የተቆረጠውን የበር መቃን፣ በሌሊት የተቀበረውን ሕፃን ትንሽ ድንጋይ አይመልስም። ክቡ ይታያል፤ የሚነበበው ገጽ ግን ተቀድዷል። ማረሻው የሚዞረው ለዚህ ነው።